አይጠየፍን ስልክ ውስጥ ሠራነው፣ አስተናጋጅ ግን ረስተናል

ነገሩ የተጀመረው ቡና ላይ ነው። ወሎ ውስጥ ቡና ላይ ያልተጀመረ ጉዳይ ካለ ንገሩኝ።

እኔና አንድ ጓደኛዬ ደሴ ላይ ሰው እናስጎበኛለን። ድርጅት ማለቱ ይከብዳል። በኮንትራት የምንይዛት ሚኒባስ፣ ሁለት ስልክና አንድ የቴሌግራም ቻናል ነው ያለን። ሐይቅ እናደርሳለን። ሰኞ ከሆነ ባቲ ገበያ እንወስዳለን። ይስማ ንጉሥ ሄደን የውጫሌ ውል በ1881 ዓ.ም. የተፈረመበትን ቦታ እናሳያለን። ለመስከረም 21 ደግሞ ግሸን አለ። ለግሸን ማስታወቂያ አያስፈልግም፣ ሰው በራሱ ይጎርፋል። ጭንቁ የቀሩት አሥራ ሁለት ወራት ናቸው። ጳጉሜን ጨምሬ ነው የምቆጥረው፤ «የ13 ወር ፀሐይ» እያልን ለዓለም ስንለፍፍ የኖርን ሰዎች አይደለን?

2017 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ነው። እህቴ ቤት ቶና ተቀድቶ በረካውን እየጠበቅን ገበያው ስለመቀዝቀዙ እያማረርኩ ነበር። የእህቴ ልጅ ሶፍትዌር ተምሮ ሥራ ያላገኘ ጎረምሳ ነው፣ ስልኩን እየነካካ ጥግ ላይ ተቀምጧል። ድንገት ቀና አለና «አጎቴ፣ አይጠየፍን እኮ እዚህ ውስጥ መሥራት ይቻላል» አለኝ፣ ስልኩን እያሳየኝ። አይጠየፍ የንጉሥ ግብር ይበላበት የነበረው የደሴ አዳራሽ ነው። ሳቅሁበት። ማታ ግን እንቅልፍ ከለከለኝ።

ለማያውቀው ልንገር። ልጁ ያሰበው ምናባዊ ዓለም ቪዲዮ አይደለም። ቪዲዮ ታዩታላችሁ፣ ያልቃል። እዚህ ግን እናንተን ወክሎ የሚንቀሳቀስ አሻንጉሊት ይሰጣችኋል፣ አቫታር ይሉታል። ወዳሻችሁ ታስኬዱታላችሁ። አጠገባችሁ ሌላ ሰው ካለ ይታያል፣ ድምፁም ሲቀርብ ይጎላል ሲርቅ ይሳሳል፣ ልክ አዳራሽ ውስጥ እንዳላችሁ።

ቦታን በዚህ መንገድ መሸጥ አዲስ ነገር አይደለም። ሴከንድ ላይፍ የተባለው ዓለም የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። ከሦስት አራት ዓመት በኋላ ወሬው ሁሉ ስለእሱ ሆኖ፣ አገሮች ሳይቀሩ ተሽቀዳድመው ገቡበት። በ2007 ግንቦት ወር ማልዲቭስ እዚያ ውስጥ ኤምባሲ ከፈተች፣ በዚያው ወር መጨረሻ ስዊድን ተከተለች። ስታርዉድ የሚባለው የሆቴል ኩባንያ ደግሞ አሎፍት የተሰኘውን አዲስ ሆቴሉን ገና አንድ ሕንፃ ሳይከፍት በ2006 እዚያ ውስጥ ገንብቶ «ግቡና እዩት፣ አስተያየት ስጡ» አለ። ሰዎች ገቡ፣ አዩ፣ አስተያየት ሰጡ። ከተሰበሰበው አስተያየት ውስጥ ሻወር ቤት ሬዲዮ ይግባ የሚል እንኳ ነበረበት። ከዚያስ? ዓመት ሳይሞላ ኩባንያው ለቆ ወጣ፣ ቦታውንም ለአንድ የወጣቶች ድርጅት ሰጠው። እውነተኛው የመጀመሪያው አሎፍት በሩን የከፈተው በ2008 ነው። ይሄን ታሪክ ሥራውን ከመጀመሬ በፊት አንብቤው ነበር። ያነበብኩትን ግን አላስተዋልኩትም፣ ወደኋላ እመለስበታለሁ።

ለምን አይጠየፍ? ደሴን የማታውቁ ካላችሁ፣ አይጠየፍ ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት የግብር አዳራሽ ነው፣ ከተማዋን ቁልቁል የሚያይ ኮረብታ ላይ። ስሙ እንደሚወራው ማንም ከማንም ሳይጠያየፍ ባንድ ላይ እንዲበላበት ከተባለበት የመጣ ነው። ከዚህ የተሻለ ስም ያለው ማስታወቂያ ከየት ይመጣል? ሌላም ምክንያት ነበረን። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት የደሴ ሙዚየም ተዘርፏል፤ ያንን ያየ ሰው ያለውን ሁሉ ቀርጾ ማስቀመጥ ያምረዋል። ላሊበላ ላይ የኬፕታውን ዩኒቨርሲቲ የዛማኒ ፕሮጀክት አብያተ ክርስቲያናቱን በሌዘር ለክቶ በ3D ቅርጽ አስቀምጧቸዋል። እኛ ሌዘር የለንም። የተዋስናት ካሜራና የልጁ ስልክ ነበሩን።

አሠራሩ ሲነገር ቀላል ነው። ሕንፃውን እየዞራችሁ ፎቶ ታነሳላችሁ፣ እያንዳንዱ ፎቶ ካለፈው ጋር ከግማሽ በላይ መደራረብ አለበት፣ ከዚያ ፕሮግራሙ የጋራ ነጥቦችን እየፈለገ ቅርጹን ራሱ ያወጣል። ፀሐይ የበዛበት ቀን አይሆንም፣ ጥላው ከግድግዳው ጋር ይቀረጻል። ደመናማ ቀን ይመረጣል። ደመና ደግሞ ደሴ ሞልቷል ብለን ደስ ብሎን ወጣን፣ የጦሳ ተራራ ያንን ጉሙን ለቀቀብንና የሦስት ቀን ፎቶ ነጭ ጨርቅ መስሎ ቀረ። አራተኛው ቀን ላይ ተሳካ። የድንጋይ ግድግዳ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ነው፣ እያንዳንዱ ድንጋይ የራሱ መልክ ስላለው ፕሮግራሙ አይደናገርም። ባሕር ዛፎቹ ግን ነፋስ ሲያወዛውዛቸው የተፈተለ ጥጥ መሰሉ። ከቅርጹ ላይ ቆርጠን ጣልናቸው።

ከዚያ ማቅለል መጣ። በኮምፒዩተር የሚሠራ ማንኛውም ቅርጽ ከትንንሽ ሦስት ማዕዘኖች የተሰፋ ነው። ከፎቶ የወጣው ጥሬ አይጠየፍ ከሚሊዮን በላይ ነበረው። ያንን ጅዳ ያለች የቤት ሠራተኛ ስልክ ላይ ብትጭኑት ስልኩ ይግላል እንጂ አይከፈትም። ልጁ ወደ አሥር ሺዎች እስኪወርድ ድረስ ሲቀንስ፣ ሲቀንስ ከረመ። በብር ያወጣነው ትንሽ ነው፤ ያለቀው የልጁ ሦስት ወር ነው። እህቴ ይሄን ሒሳብ እስከዛሬ ታስታውሰኛለች።

ዓለሙን የመረጥነው በብራውዘር የሚከፈት፣ ምንም ማውረድ የማያስፈልገው፣ ሊንክ ተጭኖ የሚገባበት ስለሆነ ነው። ስሙን እዚህ አልጠራም። አንድ ነገር ግን ለሞያው ሰው ልምከር፦ የሠራችሁትን ቅርጽ ዋናውን ፋይል እቤታችሁ አስቀምጡ። እነዚህ ዓለሞች ይዘጋሉ። ሞዚላ ሀብስ የሚባለውን ባለቤቱ ሞዚላ በግንቦት 2016 ዓ.ም. ዘጋው። የሴኡል ከተማ እንኳ እ.ኤ.አ. በ2023 ለሕዝብ የከፈተችውን ሜታቨርሷን በ2024 ዘግታለች። ሴኡል የዘጋችውን ነገር እኛ ከደሴዋ ሆጤ ሰፈር ለዘላለም እናኖራለን ብሎ ማሰብ የዋህነት ነው።

ሐይቅ አስቸገረን

አይጠየፍ ብቻውን አይበቃም ብለን ሐይቅን ጨመርን። ከደሴ ወደ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ደርሰን ፎቶ አነሳን፣ ተመለስን፣ ኮምፒዩተሩ ላይ ጫንን፣ ሌሊቱን ሙሉ ሠራ። ጠዋት ከፈትነው። ሐይቁ የለም። ዳርቻው አለ፣ ዛፉ አለ፣ ጀልባዋ አለች፣ ውኃው ግን ጥቁር ጉድጓድ ነው፣ አንዳንድ ቦታ ደግሞ የተላጠ ግድግዳ የሚመስል ነገር ተነቅሎ ቆሟል። ለካ ውኃና መስታወት በዚህ መንገድ አይቀረጹም። ያንጸባርቃሉ፣ ይንቀሳቀሳሉ፣ ፕሮግራሙ የሚይዘው ነጥብ ያጣል። ልጁ በእጁ ሰማያዊ ንጣፍ ሠርቶ አነጠፈበት። እኔ ሳየው የቀበሌ መዋኛ ገንዳ ነው የመሰለኝ። ዝም አልኩ፣ ደክሞታል።

ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ላይ ሌላ ጥያቄ መጣ። ገዳሙ ሴቶች አይገቡበትም። ታዲያ ውስጡን ብንሠራው፣ አቫታሯን ይዛ የምትገባውን ሴት ምን እንላታለን? ልጁ «አሻንጉሊት እኮ ነው» አለ። ጓደኛዬ «እንዲያውም ጥሩ ነው፣ እናቶች ያዩታል» አለ። እኔ ተከራክሬ ተከራክሬ ሲያቅተኝ ሄደን አንድ አባት ጠየቅን። ረጅም ማብራሪያ አልሰጡንም። «ልጄ፣ አንተ ቤት እንግዳ ሲመጣ የት ድረስ ነው የምታስገባው?» ብለው ጠየቁኝ። «ሳሎን ድረስ» አልኳቸው። «እኛም እንደዚያው ነን» አሉ። በር ላይ አቆምነው። ከበሩ ውጭ ያለውን ሠራን፣ የአባ ኢየሱስ ሞዓን ታሪክ በድምፅ አስቀመጥን፣ ወደ ውስጥ የሚያስገባ መንገድ የለም። ይሄ ውሳኔ በኋላ ያልጠበቅነውን ጥቅም ሰጠን፣ ምክንያቱም የመጡት ሴቶች ብዙዎቹ «ለምን በር ላይ ቆመ?» ብለው ጠየቁ፣ ስንነግራቸውም አመሰገኑ። አንድ ሰው ብቻ ተቆጣ፣ እሱም ወንድ ነው።

ከፈትነው

ጥር መጀመሪያ ላይ ሊንኩን ቻናላችን ላይ ለቀቅነው። ቲክቶክ ላይም አጭር ቪዲዮ ጫንን። በመጀመሪያው ሳምንት ሰው ገባ፣ ብዙ ሰው ገባ፣ ለእኛ አቅም። ልጁ በደስታ አልተኛም። እኔም ስልኬን እያየሁ ሚኒባሷን በምን ቀለም እንደማስቀባት ማሰብ ጀምሬ ነበር።

ደዋይ ግን የለም። አንድም።

ሁለተኛው ሳምንት ላይ ቁጭ ብዬ ራሴ ገባሁበት፣ ማንነቴን ሳልናገር፣ እንደማንኛውም ሰው። አዳራሹ ውስጥ ቆምኩ። ፀጥ ያለ ነው። ግድግዳው አለ፣ ጣሪያው አለ፣ ጥግ ላይ የስልክ ቁጥራችን የተጻፈበት ሰሌዳ አለ። ዞርኩ። ዞሬ ጨረስኩ። ምን ላድርግ? ወጣሁ። ሁለት ደቂቃ እንኳ አልሞላሁም። በመካከሉ አንድ ሌላ አቫታር ገብቶ ነበር፣ እሱም እኔን አየኝ፣ እኔም እሱን አየሁት፣ ሁለታችንም ዝም አልን፣ ወጣ። ልክ ለቅሶ ቤት መስሎት የተሳሳተ ቤት የገባ ሰው ነበር የሚመስለው።

ያኔ ነው የአሎፍት ታሪክ የገባኝ። ሆቴሉ በደንብ ተሠርቷል፣ ክፍሎቹ አሉ፣ ሎቢው አለ፣ እንግዳውን «እንኳን ደህና መጣህ» የሚለው ሰው ግን ሁልጊዜ የለም። ምናባዊ ዓለም ውስጥ የገቡ የቱሪዝም ቦታዎች አብዛኞቹ የወደቁት ቅርጻቸው አስቀያሚ ስለሆነ አይመስለኝም። ሰው ስለሌለባቸው ነው። ወሎዬ ነን፣ ይሄን እኛ ካላወቅነው ማን ይወቀው? ባዶ ቤት ገብቶ የሚቀመጥ እንግዳ የለም። አይጠየፍን ያህል አዳራሽ ሠርተን፣ ግብር ይበላበት የነበረውን አዳራሽ፣ የምናቀርበው ነገርም የሚያቀርብ ሰውም ሳናስቀምጥ በሩን ከፍተን ሄድን።

ሌላው የሰሌዳው ነገር ነው። ስልክ ቁጥር በምናባዊ ዓለም ውስጥ ማስቀመጥ ከንቱ መሆኑን የተማርነው ዘግይተን ነው። የገባው ሰው ስልኩን ይዞ ነው ያለው፣ ቁጥሩን ለመጻፍ ከዓለሙ መውጣት አለበት፣ ከወጣ አይመለስም። በተለይ ለሕፃናት የተሠሩት፣ እንደ ሮብሎክስ ያሉት ደግሞ ቻት ላይ ቁጥር ስትጽፉ በ«#» ምልክት ይሸፍኑባችኋል፣ ከእነሱ ዓለም ውጭ ሰው መጥራትም እንዳሻችሁ አይፈቀድም። እንደ ማስታወቂያ ሰሌዳ የሚያስባቸው ሁሉ እዚህ ላይ ይሰናከላል።

ፋሮዎች

ልጁን ማበሳጨት ስለከበደኝ ወደ ሌላ ታሪክ ዞርኩ። የፋሮ ደሴቶች በሰሜን አትላንቲክ የሚገኙ፣ ሃምሳ ሺህ ገደማ ሕዝብ ያላቸው፣ በጉ ከሰው የሚበዛባቸው ቦታዎች ናቸው። (መንዝ ትዝ አለኝ።) እ.ኤ.አ. በ2016 ጎግል መንገዶቻችንን አልቀረጸልንም ብለው በበግ ጀርባ ላይ ካሜራ አሰሩ፣ ዓለም ሳቀ፣ ጎግልም መጣ። በ2020 ሚያዝያ ወር፣ ኮሮና ሁሉን ሲዘጋ ደግሞ የበለጠ ነገር አደረጉ። አንድ አስጎብኚ ራሱ ላይ ካሜራ አስሮ ይወጣል፣ ቤቱ የተቀመጠው ሰው በስልኩ ላይ ባለ መቆጣጠሪያ ያዘዋል፦ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ ሩጥ፣ ዝለል። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ደቂቃ። ካሜራ የያዘው ሰው በእውነት ይዘላል።

ምን ነበር የሠራላቸው? የተቀጠረ ሰዓትና የሚጠብቅ ሰው። በቃ።

እኛም ሰዓት ቀጠርን። ዓርብ ማታ 4 ሰዓት። ይሄ ሰዓት ዝም ብሎ የተመረጠ አይደለም። ከወሎ የወጡ ልጆች የት እንዳሉ ሁላችንም እናውቃለን፤ ጅዳ፣ ሪያድ፣ ዱባይ፣ ቤይሩት። ሳዑዲ ሰዓቷ ከእኛ ጋር እኩል ነው፣ ዱባይ አንድ ሰዓት ትቀድማለች። ማታ 4 ሰዓት አሠሪዎች ወደ መኝታ የሚሄዱበት፣ ልጆቹ ስልካቸውን የሚያነሱበት ጊዜ ነው። በጥር ዋሽንግተን ላይ ከቀኑ 8 ሰዓት ይሆናል፣ ለምሳ እረፍት ትንሽ ቢዘገይም ይቻላል።

እህቴ ቤቷ ሆና ቡና ታፈላለች፣ ማይኩ ከሙቀጫው አጠገብ ነው። ልጁ አዳራሹ መሐል ረከቦትና ጀበና ሠራ። ጀበናው አንገቱ ረዝሞ ሰጎን መስሏል፣ ማንም ግን ቅር አላለውም። እኔ በር ላይ እቆማለሁ፣ ማለት አቫታሬ ይቆማል፣ የገባውን ሁሉ በስም ሰላም እላለሁ። የመጀመሪያው ዓርብ አሥራ አንድ ሰው መጣ። ቡናው ሲቆላ፣ ያ የመንጫጫት ድምፅ ሲሰማ፣ ከዚያ ዘነዘናው ዱም ዱም ሲል ሁሉም ዝም አለ። አንዷ «ወላሂ ሸተተኝ» አለች። እህቴም ከወዲህ «አብሽሪ፣ አቦሉ ደርሷል» አለቻት። የዚያን ቀን ሰው የቆየው ሁለት ደቂቃ አይደለም። አስወጡን እስኪሉ ሳይሆን ኢንተርኔቱ እስኪያስወጣን ድረስ ነው።

ጓደኛዬ እዚህ ላይ የጠየቀኝ ጥያቄ ትክክል ነበር። «ታዲያ ይሄን በኢሞ ማድረግ አይቻልም? ሦስት ወር ምን አለፋን?» ለብዙ ቀን አሰብኩበት። መልሴ ይሄ ነው። በኢሞ የምትደውሉት ለምታውቁት ሰው ነው። አዳራሹ ውስጥ ግን የማይተዋወቁ ሰዎች ጎን ለጎን ይቆማሉ። በሁለተኛው ዓርብ ጅዳ ያለች አንዲት ልጅና ዋሽንግተን ያሉ አንድ ትልቅ ሰው ጥግ ላይ ሲያወሩ ሁለቱም የሆጤ መሆናቸውን ደረሱበት። «የማን ልጅ ነሽ?» ተጀመረ። አለቀ፣ ሌሊቱን ሙሉ ቁጭ አሉ። ድምፁ ሲቀርብ የሚጎላ ሲርቅ የሚሳሳ መሆኑ ሰው ጥግ እንዲይዝ አደረገው፤ በቡድን ጥሪ ሁሉም ባንዴ ይጮኻል። የሦስት ወሩ ሥራ ለዚያች ጥግ ነው የዋለው ማለት ነው። ግድግዳው ባይኖር ጥጉም አይኖርም።

ችግር አልነበረም ማለት አይደለም። አንድ ዓርብ ኔትወርክ ጠፍቶ እኔና እህቴ ብቻ ቀረን፣ ቡናውን ሁለታችን ጠጣነው። ክልሉ ውስጥ የሞባይል ዳታ ለረጅም ጊዜ ተዘግቶ የቆየበትን ዘመን ስለምናስታውስ አልደነገጥንም። ከሁሉም የከበደው ግን የሚጠየቀው ጥያቄ ነው። ማንም ስለ ዋጋ ከመጠየቁ በፊት «መንገዱ ሰላም ነው ወይ?» ይላል። ይሄን ጥያቄ የትኛውም ሦስት ማዕዘን አይመልሰውም። እኛ ደግሞ አንዋሽም ብለን ተስማማን፤ ሰላም የሆነውን ሰላም ነው እንላለን፣ ያልሆነውን ዛሬ አትምጡ እንላለን። ይሄ ገበያ አሳጥቶናል። ያመነን ሰው ግን ሌላ ሰው ይዞ መጣ።

የካቲት ላይ ቅዳሜ ቅዳሜ የፋሮን ዘዴ ጨመርን። ካሜራ ራሳችን ላይ አላሰርንም፣ ስልክ በእጅ ይዘን ነው። ዓርብ ማታ አዳራሹ ውስጥ የተሰበሰበው ሰው ይመርጣል፣ ቅዳሜ ከሰዓት እኛ ወደተመረጠው ቦታ ሄደን በላይቭ እናሳያለን፣ ያዙናል። ፒያሳ ተመረጠ። ሸዋ በር ተመረጠ። አንድ ሰው ወይዘሮ ስሂን ትምህርት ቤት በር ላይ አቁመውኝ አምስት ደቂቃ ምንም ሳይናገሩ አዩ።

ከዚያ ሐይቅ ተመረጠ። የመረጠችው ያቺው ቡናው ሸተተኝ ያለችው የጅዳ ልጅ ናት። ኮምቦልቻ ነው ያደገችው። ውኃው ዳር ስደርስ ታዘኝ ጀመር። «ቅረብ።» ቀረብኩ። «ጎንበስ በል።» ጎንበስ አልኩ። «እጅህን ንከረው እስቲ።» ነከርኩ። ማዕበሉ ቀስ እያለ እጄ ላይ ሲመጣ ስልኩን አጠጋሁላት። ሰማያዊው ንጣፋችን ትዝ ብሎኝ አፈርኩ። ቆየችና «ይቀዘቅዛል?» አለች። «ደስ ይላል» አልኳት። እንደገና ዝም አለች። ከዚያ የተናገረችውን አልረሳውም። «እናቴ ኮምቦልቻ ናት። ይሄን ውኃ አይታው አታውቅም። እሷን ለማምጣት ስንት ታስከፍላላችሁ?»

አያችሁ የሆነውን? ስድስት ወር ሙሉ ደሴን ለውጭ ሰው ልንሸጥ ስንለፋ የመጀመሪያው ደንበኛችን ከኮምቦልቻ መጣ። ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ከደሴ ሐይቅ 30። የሐረጎን ጠመዝማዛ ወጥተው በቀን ደርሰው የሚመለሱበት መንገድ። በዚህ ርቀት ላይ ያሉ፣ ሐይቅን አይተው የማያውቁ ስንት እናቶች እንዳሉ ማናችንም አስበን አናውቅም። ጊዜ አላገኙም፣ ብር አላገኙም፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ «እንሂድ» ያላቸው ሰው የለም። ልጆቻቸው ግን ዓረብ አገር ሆነው ብር ይልካሉ፣ ለቤት ኪራይ፣ ለመድኃኒት፣ ለበዓል። ለሽርሽር ብለው ልከው አያውቁም፣ ምክንያቱም ሽርሽሩ ትዝ እንዲላቸው ያደረገ ነገር አልነበረም።

ሥራችንን በዚሁ ቀየርነው። አዳራሹ ውስጥ የነበረውን የስልክ ሰሌዳ አወረድን፣ በምትኩ የሚቀጥለው ጉዞ ቀንና የቀረው መቀመጫ ብቻ ተጻፈ። ክፍያው ልጆቹ ለቤተሰብ በሚልኩበት በዚያው መንገድ ይመጣል፣ በቤተሰቡ እጅ ያልፋል፣ ለእኛ በቴሌብር ይገባል። ሚኒባሷ በወር ሁለት ጊዜ ትሞላለች። ብዙ ብር አይደለም፣ ቀለም የምቀባትም አይመስለኝም። የውጭ ቱሪስት በዚህ መንገድ አንድም አልመጣም፣ ይሄንንም መደበቅ አልፈልግም። አንድ ከዋሽንግተን «ለገና እመጣለሁ» ያሉ አሉ፣ የሆጤው ሰው። እንጠብቃቸዋለን።

የመጀመሪያውን ጉዞ ግን ልንገራችሁ። እናትየውን ጠዋት ኮምቦልቻ ከቤታቸው በር ላይ ወሰድናቸው። ደሴ ይበርዳል ተብለው ጋቢ ደርበዋል፣ ሐረጎን ስንወጣ በሁለት እጃቸው መቀመጫውን ጨብጠው ዱዓ ያደርጉ ነበር። ሐይቅ ዳር አወረድናቸው፣ ወንበር አቀረብን፣ ዓሣ አዘዝን። ልጅቷ በኢሞ ገባች። ስልኩን ለእናትየው ሰጠኋቸው። እሳቸው ስልኩን ወደ ራሳቸው አዙረው፣ ፊታቸውን አስጠግተው፣ ሻሻቸውን እያስተካከሉ ያወራሉ። ውኃው ከጀርባቸው ነው፣ አንድም ጊዜ ስልኩን አላዞሩትም። ልጅቷ ከወዲያ ትጮኻለች።

«እማ፣ ሐይቁን አሳዪኝ እንጂ! ስልኩን አዙሪው!»

«ሐይቁንስ አይተሽዋል አሉ» አሏት። «አሁን እኔን እዪኝ።»

ዓሣው መጣ።